ችግኙ ለሰባት ዓመት፣ ተካዩ ለሦስት ወር

በተከላ ወቅት፣ ማታ ላይ ካቦው ደብተሩ ላይ የሚጽፈው አንድ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ስንት ችግኝ ተከለ። ክፍያ የሚሰላው በዚያ ነው። ጎበዝና ሰነፍ የሚለየውም በዚያ ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ለአለቆች የሚቀርበው ሪፖርትም ያው የእነዚህ ቁጥሮች ድምር ነው። እኔ በደን ልማት ሥራ ላይ ከቆየሁባቸው ዓመታት ብዙዎቹን ያሳለፍኩት ከዚህ ቁጥር ጋር ነው። ሥራዬ የተከላ ጥራት መከታተል ነበር። ሰዎች ተክለው ያለፉበትን መሬት ተከትዬ እየሄድኩ የተተከለውን አያለሁ።

ከዚያ ሥራ ይዤው የወጣሁት አንድ ሐሳብ አለ። «ሠራተኛ እንዳይለቅ ምን እናድርግ?» እና «ሠራተኛው የተሻለ እንዲሠራ ምን እናድርግ?» የሚሉት ጥያቄዎች በየስብሰባው ለየብቻ ይነሳሉ። በደን ተከላ ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ ናቸው። የዛሬ ሥራ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። የሠራው ሰው ያን ጊዜ ከሌለ ከውጤቱ የሚማር ሰው የለም። ሰው ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርበት ድርጅት ውጤታማነት የሚለካ ይመስለዋል፤ እየለካ ያለው ግን ፍጥነትን ብቻ ነው።

አንድ ችግኝ በትክክል ተተከለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ፤ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላልና። ጉድጓዱ ሥሩ ቀጥ ብሎ የሚገባበት ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። ካጠረ ሥሩ ታጥፎ ወደ ላይ ይመለሳል። ችግኙ በዚያ ቀን ምንም የሆነ አይመስልም። ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደህና ያድጋል። ዛፉ እየከበደ ሲሄድና ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ግን የታጠፈው ሥር መያዝ ያቅተዋል። ዛፉ ይጋደማል። አፈሩ በደንብ ካልተጠቀጠቀም በሥሩ ዙሪያ ክፍተት ይቀርና ሥሩ ይደርቃል። ሥሩ ራቁቱን የሚመጣ ችግኝ ደግሞ ለፀሐይና ለነፋስ ጥቂት ከተጋለጠ ጥቃቅን ሥሮቹ ገና ሳይተከል ይሞታሉ። ይህ ሁሉ የሚወሰነው በሰከንዶች ውስጥ፣ በአንድ ጎንበስ ባለ ሰው እጅ ነው። ማንም ቆሞ አያየውም።

መቆጣጠሪያ የለም ማለቴ አይደለም። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተከላ ተቆጣጣሪዎች 3.99 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ይይዛሉ። አንዱን ጫፍ መሬት ላይ ያስሩና ሌላውን ዙሪያውን ያዞሩታል። ገመዱ የሚያካልለው ክብ 50 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ሄክታር ለ200 ቢከፈል አንዱ እጅ ማለት ነው። በክቡ ውስጥ ያሉትን ችግኞች ቆጥሮ በ200 ማባዛት በሄክታር ስንት እንደተተከለ ይነግራል። ከዚያ የተወሰኑትን ቆፍሮ ሥራቸውን ማየት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ እወደዋለሁ። ግን ናሙና ነው። ከክቡ ውጭ ያለውን ማንም አይቆፍረውም። እዚያ ችግኙን የሚጠብቀው የተካዩ ልማድ ብቻ ነው። ማንም በማያይበት ቦታ ጉድጓዱን አንድ ጊዜ ደግሞ መምታት፣ አፈሩን በእግር ጫን ብሎ ማለፍ፣ ሥሩ የታጠፈበትን አውጥቶ እንደገና መትከል። ይህ ልማድ በሦስት ወር ኮንትራት አይገነባም።

ጊዜውን አስቡት። በብራዚል ለወረቀት የሚተከለው ባሕር ዛፍ በ6 ወይም በ7 ዓመት ይቆረጣል፤ ይህ በዓለም ላይ ፈጣን ከሚባሉት ነው። የኒውዚላንድ ራዲያታ ጥድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይጠበቃል። በሰሜን አውሮፓ ዛሬ የተተከለን ዛፍ የሚቆርጠው የተካዩ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የደን ሀብት ግምገማ በሰው የተተከለ ደን በዓለም ላይ 294 ሚሊዮን ሄክታር ነበር። ከዚህ ውስጥ 131 ሚሊዮኑ በአንድ ወይም በሁለት ዝርያ፣ በረድፍ ተተክሎ ለምርት የሚተዳደር ነው። ይህን ያህል መሬት ላይ የሠላሳ ዓመት ዕቅድ ወጥቷል። ዕቅዱን በእጃቸው የሚፈጽሙት ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚቀጠሩት ለወቅቱ ብቻ ነው።

ደግሞ ተከላው ገና መጀመሪያው ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማሳሳት ነው። ዛፎቹ አድገው ሲጨናነቁ የተወሰኑት ተቆርጠው ለቀሪዎቹ ቦታ ይለቀቃል። የትኛው ይቆረጥ? የትኛው ይቆይ? ጠማማው፣ መንታ የሆነው፣ በጎረቤቱ ጥላ የተዋጠው ይወጣል። ግን ጠማማዎቹን ሁሉ ካወጣህ አንድ ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ሌላው ቦታ እንደተጨናነቀ ይቀራል። ስለዚህ አንዳንዴ ትንሽ የጎበጠውን ትተህ ቀጥ ያለውን ትቆርጣለህ። ዓመታት የሠራ ሰው ይህን ሲራመድ በዓይኑ ይጨርሰዋል። አዲስ የገባው ሰው ለመጣል የሚቀለውን ይጥላል፤ ሲጥለውም የሚቀረውን ዛፍ ይልጠዋል። የማሳሳት ስሕተት መመለሻ የለውም። የተቆረጠው ተቆርጧል።

መግረዝም እንዲሁ ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እብጥ ያለ አንገት አለው። ከአንገቱ ገባ ብሎ የቆረጠ ዛፉን ያቆስላል። ራቅ ብሎ የቆረጠ ደግሞ ጉቶ ይተዋል፤ ጉቶው በእንጨቱ ውስጥ የሞተ ዓይን፣ ማለትም እንጨቱን የሚያበላሽ ቋጠሮ ሆኖ ይቀበራል። ይህ የሚገኘው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ግንዱ በመጋዝ ሲሰነጠቅ ነው። ያን ጊዜ የገረዘውን ሰው ስም የሚያስታውስ አይኖርም።

አሁን ወደ ክፍያ ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንካራ አስተያየት አለኝ፤ ግን ማስረጃው ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደማያደላ አውቃለሁ። በተከሉት ልክ መክፈል ቁጥርን ይጨምራል። ይህ ተፈትኖ የታየ ነው። ብሩስ ሺረር የተባሉ ኢኮኖሚስት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በአንድ የችግኝ ተከላ ድርጅት ውስጥ ሙከራ አድርገው ነበር። ተካዮቹ አንዳንዴ በቋሚ የቀን ደመወዝ፣ አንዳንዴ በተከሉት ልክ እየተከፈላቸው እንዲሠሩ በዕጣ ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት በተከሉት ልክ ሲከፈላቸው ምርታማነታቸው 20 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሥራ አስኪያጅ ብሆን እኔም ዓይኔን እጥልበታለሁ።

ግን ሺረር ከቻርልስ ቤልማር ጋር ሆነው ሌላም ሙከራ ሠርተዋል። ይኼኛው ብዙ ሲወራለት አልሰማሁም፤ ለእኔ ግን ይበልጣል። እዚህም ተካዮች ናቸው፤ በተከሉት ልክ ነው የሚከፈላቸው። አንድ ቀን ድርጅቱ ለዚያ ቀን ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚሰጣቸው ነገራቸው። ገንዘቡ ስጦታ ነው። ብዙም ተከሉ ትንሽ ያገኙታል፤ ካለፈው ሥራቸው ጋርም አይያያዝም። በዚያ ቀን ግን የበለጠ ተከሉ። ጭማሪው ይበልጥ የጎላው ከድርጅቱ ጋር ረጅም ግንኙነት በነበራቸው ሠራተኞች ላይ ነበር።

ይህን ሳነብ በሜዳ ላይ ስመለከተው የኖርኩት ነገር ስም ያገኘ መሰለኝ። ደግነት የሚሠራው ታሪክ ባለበት ቦታ ነው። ትናንት የተቀጠረና ነገ የሚሄድ ሰው ስጦታውን ተቀብሎ ያመሰግናል፤ ትክክለኛ ነው። ለአምስት ወቅት የተመላለሰው ሰው ግን ስጦታውን ከአምስቱ ወቅት ጋር አያይዞ ያነበዋል። ሰውን በየሦስት ወሩ የሚበትን ድርጅት ይህን መልካም ምላሽ ራሱ ዘግቶታል ማለት ነው። የቀረው ማበረታቻ ገንዘብን በቁጥር መስፈር ብቻ ይሆናል።

በቁጥር መክፈል ሌላም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1975 የስዊድን የደን ሠራተኞች አድማ መቱ። ጥያቄያቸው በቆረጡት ልክ መከፈሉ ቀርቶ ወርኃዊ ደመወዝ እንዲከፈላቸው ነበር። ለምን? በቁጥር ስትከፈል ጥንቃቄ ገንዘብ ያስከፍልሃል። ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረን ዛፍ በአግባቡ ለማውረድ የምታጠፋው ጊዜ ካንተ ኪስ ነው የሚወጣው። መጋዙን ለመሳል፣ አረፍ ለማለት፣ የባልደረባህን ርቀት ለማረጋገጥም እንዲሁ። ክፍያው ወደ ቋሚ ደመወዝ ሲለወጥ ምርት በተወሰነ ደረጃ ቀነሰ፤ አደጋም ቀነሰ። የአንዱን ቅናሽ አንስቶ የሌላውን መተው ልክ አይመስለኝም። እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ ለቀቀ ተብሎ ይመዘገባል። የለቀቀበት ምክንያት ግን የክፍያ ሥርዓቱ ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። መነሻው ሰው ሊኖርበት የሚችል ቋሚ ደመወዝ ይሁን። በላዩ ላይ በቁጥር የሚታሰብ ጭማሪ ቢኖር አልቃወምም፤ ግን ከጥራት ጋር የታሰረ ይሁን፤ መሬቱ ሲከፋም ዋጋው ይስተካከል። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ የተከለና ለስላሳ ሜዳ ላይ የተከለ ሰው በአንድ ዋጋ ሲከፈላቸው አይቻለሁ። እንዲህ ባለ ቦታ መጀመሪያ የሚለቁት ጎበዞቹ ናቸው፤ ሌላ ቦታ ተፈላጊ መሆናቸውን ያውቃሉና።

የሠራተኛን አካል በተመለከተ ብዙ መጻፍ ይቻላል። የሥራ ፊዚዮሎጂ ባለሙያዎች ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚመክሩት ልክ አለ። ልብ በዕረፍት ላይ ካላት ምትና ልትደርስበት ከምትችለው ከፍተኛ ምት መካከል ካለው ልዩነት ከ40 በመቶ በላይ ለረጅም ሰዓት እንዳትጠየቅ ነው። በተራራ ላይ ችግኝ የተሞላ ቦርሳ ተሸክሞ የሚተክል ወይም ሞተር መጋዝ ይዞ የሚውል ሰው ይህን ልክ በቀላሉ ያልፋል። ልኩን ያለፈ ሰው ከሰዓት በኋላ ይዘገያል። አለቃው «ሰነፈ» ይላል። በነጋታው ትናንት ያልወጣለትን ድካም ይዞ ይመጣል። ወቅቱ ሳያልቅ ይጠፋል። ወገቡ ይዞት እንደሆነ ለማንም አይናገርም፤ ቢናገር የሚቀጥለው ወቅት ላይ እንደማይጠራ ያውቃል።

መፍትሔ የለውም? አለው። ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፖቲፑትኪ የሚባል የመትከያ ቱቦ ሠርተዋል። ቱቦው ጫፉ ላይ የሚከፈት አፍ አለው። ቀጥ ብለህ ቆመህ መሬት ውስጥ ትሰካዋለህ፣ በእግርህ ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ ችግኙ በቱቦው ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ በእግርህ ጠቅጥቀህ ታልፋለህ። በቀን ብዙ መቶ ጊዜ መጎንበስ ቀረ ማለት ነው። ለሁሉም አፈርና ለሁሉም ዓይነት ችግኝ አይሆንም፤ በሚሆንበት ቦታ ግን ሰውን ያቆያል። በደቡብ አፍሪካ ሞንዲ የተባለው ኩባንያ ለኮንትራክተር ሠራተኞች ሚዛናዊ ምግብ ሥራ ቦታቸው ድረስ የሚያደርስ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። በባዶ ሆድ የሚጀመር ከባድ ሥራ ምርት እንደሌለው ለመረዳት ብዙ ምርምር አያሻም፤ ግን አንድ ኩባንያ በጀት መድቦ ሲያደርገው ማየት ሌላ ነገር ነው። ለሞተር መጋዝ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ የእጅ ንዝረት ልክ ተቀምጧል። በስምንት ሰዓት ተሰልቶ 2.5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ላይ አሠሪው እርምጃ መውሰድ ይጀምራል፤ ከ5 በላይ ሠራተኛው እንዲጋለጥ አይፈቀድም። ይህ ልክ በማይከበርበት ቦታ የዓመታት ልምድ ያለው ቆራጭ ጣቶቹ ነጭ ሆነው፣ ደንዝዘው ሥራውን ይተዋል። የሚሄደው ከነልምዱ ነው።

ሕጉስ ሲባል ነገሩ ያሳዝናል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ስለ ግብርና ደህንነትና ጤና የሚናገረው ስምምነት ቁጥር 184 ደንን በኢንዱስትሪ ደረጃ መጠቀምን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። ለደን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የአሠራር መመሪያ አለ። ዝርዝር ነው፣ ጥሩ ነው፤ ከመጓጓዣ እስከ መጠለያ ያነሳል። ግን አስገዳጅ አይደለም። በደን ማረጋገጫ በኩል፣ በአግባቡ ለሚተዳደር ደን የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት የሆነው የኤፍ.ኤስ.ሲ. ሁለተኛው መርህ ስለ ሠራተኞች መብትና የሥራ ሁኔታ ነው። እንጨቱን ለሚሸጥ ድርጅት የምስክር ወረቀቱ ገበያ ስለሆነ ይህ መርህ አንዳንዴ ከሕግ በላይ ጉልበት አለው። ኦዲተር ሊመጣ ሲል ጓንትና ቁር ሲታደል አይቻለሁ። ኦዲተሩ ከሄደ በኋላም ጓንቱ ሠራተኛው እጅ ላይ ስለሚቀር፣ እሱንም አልንቀውም።

ዋናው ቋጠሮ ግን የኮንትራት ሰንሰለቱ ነው። በብዙ አገር የመሬቱና የዛፉ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ተካዮቹን ራሱ አይቀጥርም። በደቡብ አፍሪካ ትላልቆቹ የደን ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሥራውን ወደ ኮንትራክተሮች አዙረዋል። በኒውዚላንድም ቆረጣና ተከላው በአብዛኛው የኮንትራክተሮች ነው። ኮንትራክተሩ ጨረታ የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ በማቅረብ ነው። ውሉ የአንድ ዓመት ከሆነ የአንድ ዓመት ሰው ይቀጥራል። ሥልጠና ላይ ቢያወጣ የሠለጠነውን ሰው በሚቀጥለው ዓመት ጨረታውን የወሰደ ተፎካካሪው ይረከበዋል። ስለዚህ አያወጣም። ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ ራሳቸው ከሠራተኝነት የተነሱ፣ አንድ የጭነት መኪና በብድር የገዙ ሰዎች ናቸው። ኩባንያው ሲያዘገይባቸው ደመወዝ ያዘገያሉ፤ ደመወዝ ሲዘገይ ሰው ይለቃል።

በኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ብቻ 10 የደን ሠራተኞች ሥራ ላይ ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት ገለልተኛ ቡድን ዘርፉን ፈትሾ ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱ የጠቆመው «ግድየለሽ ሠራተኛ» ላይ አልነበረም። ድካምን፣ የሥልጠና ጉድለትን፣ በኮንትራት ሰንሰለቱ የሚወርደውን ጫና አነሳ። ከዚያ ወዲህ ለኮንትራክተሮች የብቃት ማረጋገጫ ተጀመረ። ሰው እንዲሞት የሚያደርገውና ሰው እንዲለቅ የሚያደርገው ነገር እንዲህ መመሳሰሉ ሊያስገርም አይገባም። ያው የተጨነቀ ቡድን፣ ያው ያልሠለጠነ እጅ፣ ያው የጠበበ ውል ነው።

ስለዚህ ሠራተኛ ማቆየት የሚፈልግ የደን ኩባንያ መጀመሪያ የሚያየው ራሱ የፈረመውን ውል ነው። የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ውል ያለው ኮንትራክተር ሰው ለማቆየት ምክንያት አለው። በውሉ ውስጥ የሥልጠና ወጪ ለብቻው ቢቀመጥ፣ በዋጋ ፉክክር ውስጥ ባይገባ፣ የሚያሠለጥነው አይቀጣም። የሠራተኛ ደመወዝ በሰዓቱ መከፈሉ ለኮንትራክተሩ ክፍያ ቅድመ ሁኔታ ቢሆን፣ ኩባንያውም ራሱ በሰዓቱ ቢከፍል፣ ግማሹ ቅሬታ ይጠፋል። እነዚህ በቢሮ ውስጥ በወረቀት የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። ለሠራተኛው የማበረታቻ ንግግር ከማድረግ ይቀላሉ።

ቀጥሎ የወቅቱ ክፍተት አለ። ተከላ በዝናብ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ተካዩ ይሰናበታል። በሚቀጥለው ዓመት ይመለስ አይመለስ ዕድል ነው። ግን የደን ሥራ ዓመቱን ሙሉ ነው። ችግኝ ጣቢያ ላይ ማፍላትና ማጠጣት አለ። ከተከላ በኋላ የሞተውን መተካት፣ አረም ማጽዳት፣ ከዚያ መግረዝ፣ ማሳሳት አለ። በደረቁ ወራት እሳት መከላከያ መስመር መጥረግና ተጠንቀቅ መቆም አለ። አንድን ሰው ሁለት ሦስቱን ሥራ ካስተማሩት ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው አያጣም። እያንዳንዱን ሥራ ለተለያየ ኮንትራክተር የሚሰጥ ኩባንያ ግን ይህን ሰንሰለት ራሱ ይበጥሰዋል። ችግኙን ያፈላችው ሴት ተከላ ላይ ብትገኝ የትኛው ችግኝ ደካማ እንደሆነ ከሩቅ ትለያለች። አትገኝም። የችግኝ ጣቢያው ኮንትራት የሌላ ነው።

ስለ ሴቶች ካነሳሁ አልቀር፤ ችግኝ ጣቢያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበዙት እነሱ ናቸው። ወደ ሜዳ ሥራ ሲወጡ ግን ቶሎ ይለቃሉ፤ አለቆችም «ሥራው ከብዷቸው ነው» ይላሉ። የለቀቁትን ጠይቄ የሰማሁት ሌላ ነው። መጸዳጃ የለም። መኪናው የሚመልሰው ከመሸ ነው። ካቦው አያከብረንም። ከእነዚህ አንዱም ከጉልበት ጋር አይገናኝም።

ካቦውን ነካሁት፤ እሱ ላይ ልቆይ። ሠራተኛው ስለ ኩባንያው የሚያውቀው በካቦው በኩል ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁን አይቶት አያውቅም ይሆናል። ማለዳ መኪና ላይ ስም የሚጠራው፣ የትኛው መስመር ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው፣ ቁጥር የሚጽፈው፣ የታመመን የሚያምነው ወይም የማያምነው ካቦው ነው። ካቦ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈጣን ተካይ የነበረ ሰው ነው። ፍጥነቱ አሹሞታል፤ ሰው መያዝ ግን ማንም አላስተማረውም። ጥሩ ካቦ አውቃለሁ። ቁልቁለቱን መስመር ለራሱ ሰዎች በተራ ያዳርሳል። አዲስ የገባውን ከአንድ ነባር ጋር ያጣምረዋል፤ ለነባሩም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጥሩ ስለሚቀንስበት ማካካሻ ይጠይቅለታል። ማታ ቁጥሩን ሲጽፍ ደብተሩን ለተካዩ ያሳየዋል። የሱ ሰዎች በየዓመቱ ተመልሰው ይመጡ ነበር።

ያው ካቦ ሌላም ነገር ያደርግ ነበር። ወደ አዲስ ቦታ ሲሄዱ፣ መንገዱ በቀደመ ወቅት ከተከሉት ደን አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ መኪናውን ያስቆማል። ሰዎቹ ወርደው የየራሳቸውን መስመር ይፈልጋሉ። የደረቀው ለምን እንደደረቀ ይከራከራሉ። አንዱ ያኔ ጓዱ ቸኩሎ እንደነበር ያነሳል፤ ጓዱ ያ ቦታ ውኃ ይተኛበት እንደነበር ይመልሳል። ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ እዚያ የሚማሩ ይመስለኛል። ሥራ ማለት ቁጥር ብቻ እንዳልሆነ ማንም ሳይሰብካቸው ያያሉ። ይህን በዕቅድ ውስጥ ማስገባት ከባድ አይደለም። የችግኞቹ ጽድቀት በሚቆጠርበት ጊዜ የተከሉትን ሰዎች ለዚያ ቀን እየከፈሉ መውሰድ ነው። ቆጠራው የግድ ነው፤ ሰው ይቀጠርበታል። የተከሉት ራሳቸው ቢቆጥሩስ? ተቆጣጣሪ አብሯቸው ይሁን። ግን እነሱ ይገኙ።

ማሽን ሁሉንም ይፈታል የሚሉ አሉ። በቆረጣ ላይ ማሽን ብዙ አደጋ ቀንሷል፤ ይህን በደስታ እቀበላለሁ። ግን የመቁረጫ ማሽን ኦፕሬተር በደንብ እስኪለምድ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ የሁለት ኦፕሬተሮች ምርት በጣም ሊራራቅ ይችላል። እሱ ሲለቅ የሚደርሰው ኪሳራ ከተካዩ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ተከላው ደግሞ በብዙ ቦታ፣ በተለይ በተራራ ላይ፣ አሁንም በእጅ ነው።

አንድ የደን ድርጅት ከየት ልጀምር ብሎ ቢጠይቀኝ አዲስ መጠይቅ አዘጋጁ አልለውም። ያለፉትን ወቅቶች የደመወዝ መዝገብ (ፔይሮል) አውጥቶ ስሞቹን ያስተያይ። አምና ከነበሩት ስንቱ ዘንድሮ ተመለሱ? ድምሩን ብቻ አይመልከት፤ በየካቦው ይለየው። ከዚያ ያንኑ ዝርዝር ከችግኝ ጽድቀት ቆጠራው ጎን ያስቀምጠው፤ መሬቱ ተመሳሳይ የሆነውን ከተመሳሳዩ ጋር። ሁለቱ ወረቀቶች በአብዛኛው ድርጅት ውስጥ አሉ። ግን አንዱ የሰው ኃይል ክፍል፣ ሌላው የቴክኒክ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ሁለቱ ክፍሎች አብረው ቁጭ ብለው አያዩትም። ሰዎቹ የሚመለሱለትን ካቦ ጠርቶ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቀው። ሰው የማይመለስለትንም ከመቅጣት በፊት ይስማው፤ ምናልባት ሁልጊዜ ድንጋያማው መሬት የሚደርሰው እሱ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማድረግ የሚቀጥለው ጨረታ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም።